የአክሲዮናችሁ ዓመት ስንት ሆነ? ከገበያው ጋር እያስተያዩ ለማስላት የሚረዳ ዝርዝር መመሪያ

ኅዳርና ታኅሣሥ የባንኮች ጠቅላላ ጉባኤ የሚበዛበት ወቅት ነው። በዚያ ሰሞን ባሕር ዳር ውስጥ ቡና የሚጠጣበት ቤት ሁሉ ወሬው ይመሳሰላል። «የእናንተ ባንክ ስንት ሰጠ?» «22 በመቶ።» «የእኛ 19 ነው።» ከዚያ ወሬው ወደ ሌላ ጉዳይ ያልፋል። ባንኩ ስንት በመቶ እንዳለ ሁሉም ያውቃል። የራሱ ገንዘብ በዓመቱ ውስጥ ስንት በመቶ እንዳደገ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው።

ባንኩ የሚናገረው ቁጥር የባንኩ ነው። የእናንተ ቁጥር የሚወጣው ከከፈላችሁት ብር፣ ከከፈላችሁበት ቀንና እጃችሁ ከገባው ብር ነው። ቁጥሩ ከወጣም በኋላ ብቻውን ብዙ አይናገርም። 13 በመቶ ጥሩ ነው? ያው ገንዘብ፣ በዚያው ቀን፣ ሌላ ቦታ ገብቶ ቢሆን ስንት ይሆን ነበር? ይህን ሳትጠይቁ መልስ የለም።

ከዚህ በታች ያለው አሠራር አገር ውስጥ የባንክ፣ የኢንሹራንስ ወይም የኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን ላላቸው ሰዎች ይሆናል። ውጭ አገር ሆነው በአሜሪካ ገበያ ለሚገዙ ዘመዶቻችንም ይሠራል። ደብተር፣ ካልኩሌተርና አንድ የእረፍት ከሰዓት ይበቃል። ኮምፒውተር ካለ ደግሞ ይቀላል።

መጀመሪያ ወረቀቱን ሰብስቡ

ስሌቱን አብዛኛውን ጊዜ የሚያበላሸው የጎደለ ወረቀት ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ አትቸኩሉ።

ለእያንዳንዱ ኩባንያ አንድ ገጽ ክፈቱ። በገጹ ላይ የአክሲዮኑን ብዛት፣ የአንዱን የተጻፈ ዋጋ፣ በተግባር የከፈላችሁትን ብር፣ የከፈላችሁበትን ቀን፣ በዓመቱ ውስጥ የገባላችሁን የትርፍ ድርሻ ከነቀኑ ጻፉ። የአክሲዮን የምስክር ወረቀቱ ብዛቱንና የተጻፈውን ዋጋ ይነግራችኋል። ስንት እንደከፈላችሁ የሚነግራችሁ ግን የባንክ ደረሰኙና የሂሳብ ስቴትመንቱ ነው። ሁለቱ ብዙ ጊዜ አይገጥሙም።

ለምን አይገጥሙም? አንዳንዱ አክሲዮን ከተጻፈበት ዋጋ በላይ በፕሪሚየም ይሸጣል። ምሥረታ ላይ ያለ ኩባንያ ደግሞ ከአክሲዮኑ ዋጋ በተጨማሪ የአገልግሎት ክፍያ ይቀበላል። ያ ክፍያ ካፒታል ውስጥ አይገባም። ከኪሳችሁ ግን ወጥቷል፤ ስለዚህ ከወጪያችሁ ጋር ይደመራል። በተቃራኒው 100 አክሲዮን ፈርማችሁ የከፈላችሁት ሩቡን ብቻ ከሆነ የምትመዘግቡት የከፈላችሁትን ሩብ ነው። ፊርማ ገንዘብ አይደለም።

የትርፍ ድርሻውንም ከግብር በኋላ በገባላችሁ ልክ ጻፉት። ጉባኤው ላይ የተነገረው ቁጥር ከግብር በፊት ያለው ነው። በዓመቱ መሃል የገዛችሁት አዲስ አክሲዮን ካለ ደግሞ ድርሻው የሚታሰብላችሁ አብዛኛውን ጊዜ ከከፈላችሁበት ቀን ጀምሮ ነው። ጎረቤታችሁ ከዚያው ባንክ የተሻለ ያገኘ ከመሰላችሁ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይኼ ነው።

ሰው የሚሳሳትበት ሌላም ቦታ አለ። የትርፍ ድርሻችሁ በጥሬ ገንዘብ ሳይሰጣችሁ ወደ አዲስ አክሲዮን ከተለወጠ ከኪሳችሁ የወጣም፣ ወደ ኪሳችሁ የገባም የለም። የአክሲዮኑ ብዛት ብቻ ጨምሯል። ያንን እንደ አዲስ መዋጮ የሚመዘግብ ሰው ትርፉን ያሳንሳል። እንደ ተቀበለው ገንዘብ መዝግቦ አዲሱንም አክሲዮን መጨረሻ ዋጋው ላይ የሚደምር ደግሞ አንዱን ብር ሁለት ጊዜ ይቆጥራል።

ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ የሆነ ባንክ ባሕር ዳር ያለው ቅርንጫፉ የባለአክሲዮን መዝገብ ላይኖረው ይችላል። ጥያቄያችሁን ለአክሲዮን ክፍሉ ያስተላልፍላችኋል። መልሱ ቀናት ሊወስድ ስለሚችል ስሌቱን ከምትጀምሩበት ሳምንት ቀደም ብላችሁ ጠይቁ። በ2017 የኢትዮ ቴሌኮምን አክሲዮን የገዛችሁ ሰዎች ግዢው በቴሌብር ስለነበር መዝገባችሁን እዚያው ታገኛላችሁ። የአንዱ ዋጋ 300 ብር፣ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር ነበር። ስልክ ይጠፋል፣ ይሰበራል፤ ስለዚህ የስክሪኑን ፎቶ አንስታችሁ ኢሜይላችሁ ላይም አስቀምጡት።

ዓመቱ የት ተጀምሮ የት ያልቃል?

የአገራችን ባንኮችና ኢንሹራንሶች የበጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። የአሜሪካ ገበያ ደግሞ በፈረንጆቹ ከጥር 1 እስከ ታኅሣሥ 31 ይቆጥራል። ለየትኛው እንደምትሠሩ ወስኑና ውጤታችሁን ለምታስተያዩበት መለኪያም ያንኑ ቀን ያዙ።

ጣና ክረምቱ ሲወጣ፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ ይሞላል። ግንቦት ላይ ይጎድላል። ግንቦት ላይ የለካ ሰው ያንን ከመስከረሙ ጋር አስተያይቶ «ሐይቁ አደገ» ቢል ባሕር ዳር ውስጥ የሚሰማው የለም። የራሱን አክሲዮን ከሐምሌ እስከ ሰኔ ለክቶ ከኢንዴክሱ (የብዙ አክሲዮኖችን ዋጋ በአንድ ቁጥር ከሚያሳየው የገበያ መለኪያ) የጥር–ታኅሣሥ ቁጥር ጋር የሚያስተያይ ሰውም የሚሠራው ያንኑ ነው።

የትርፍ ድርሻው የሚመጣው ዓመቱ ካለቀ ከወራት በኋላ መሆኑም ያደናግራል። በ2017 ታኅሣሥ የተቀበላችሁት ብር በ2016 በጀት ዓመት የተገኘ ትርፍ ነው። ይህን ለማስታረቅ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ብሩን እጃችሁ በገባበት ዓመት መቁጠር ነው። ሌላው ባንኩ ባተረፈበት ዓመት መቁጠር ነው። እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ ስቴትመንት ላይ የሚታይ ነገር አያከራክርም። የመረጣችሁትን ግን በየዓመቱ አትቀያይሩ።

መለኪያውን ከስሌቱ በፊት ምረጡ

ከሁሉም በላይ ማሳሰብ የምፈልገው ይህን ነው። መለኪያ የሚመረጠው ውጤቱ ከመታወቁ በፊት ነው። ውጤቱን አይቶ የሚመርጥ ሰው ደስ ካለው እሱ የሚበልጠውን፣ ከከፋው እሱን የሚበልጠውን መለኪያ ያገኛል። ባሕር ዳር ላይ ደጋግሜ የምሰማው «ያኔ ቦታ ገዝቼበት ቢሆን» የሚለው ቁጭት እንዲህ ዓይነት መለኪያ ነው። የሚታሰበው ዋጋው የጨመረው ቦታ ብቻ ነው። ክርክር የተነሳበት ቦታ አይታሰብም። በ50,000 ብር ቦታ ይገኝ እንደነበርም ማንም አይጠይቅም።

አገር ውስጥ ላለ አክሲዮን የገበያ ኢንዴክስን እንደ ዋና መለኪያ ለመያዝ ጊዜው ገና ነው። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በይፋ የተከፈተው ጥር 2 ቀን 2017 ነው። መጀመሪያ የተመዘገበውም ወጋገን ባንክ ነበር። ጥቂት ኩባንያዎች አልፎ አልፎ የሚገበያዩበት ገበያ አማካይ ስለ ሰፊው ኢኮኖሚ ብዙ አይናገርም። ገበያው ሲሰፋ የራሱ ኢንዴክስ ዋና መለኪያችሁ ይሆናል። እስከዚያው እነዚህን ያዙ።

የመጀመሪያው የባንክ ቁጠባ ነው። ትንሹ የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ነው። ምንም ሳትደክሙ፣ በፈለጋችሁት ቀን ልታወጡት የምትችሉት ገንዘብ ይህን ካስገኘ፣ ለዓመታት የታሰረ አክሲዮን ከዚህ በላይ መስጠት አለበት።

ሁለተኛው መንግሥት ለአጭር ጊዜ ገንዘብ የሚበደርበት የግምጃ ቤት ሰነድ ነው። የጨረታውን ውጤት ብሔራዊ ባንክ ያወጣል። መንግሥት የሚከፍለው ወለድ ስለሆነ ከቁጠባው ጠበቅ ያለ መለኪያ ነው።

ሦስተኛውና ለእኔ ዋናው የዋጋ ግሽበት ነው። የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት በየወሩ ያወጣዋል። የሰኔን ወር ከዓመት በፊት ከነበረው ሰኔ ጋር ያስተያየውን ቁጥር ውሰዱ። ጤፍ፣ የቤት ኪራይ፣ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ፣ ሁሉም በብር ነው። ገንዘባችሁ እነዚህን የመግዛት አቅሙ ጨመረ ወይስ ቀነሰ የሚለውን የሚመልሰው ይኼ ነው።

ዶላርስ? ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ ሁሉም ሰው በዶላር ያስባል። 57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ ዶላር በ2017 በጀት ዓመት ማብቂያ ከ130 ብር አልፎ ነበር። በብር 12 ወይም 13 በመቶ ያደገ አክሲዮን በዚያ ዓመት በዶላር ሲታይ ከግማሽ በላይ ቀንሷል። ቁጥሩ ልብ ይሰብራል። ግን ገቢያችሁም ወጪያችሁም በብር ከሆነ ዋና መለኪያ አታድርጉት። ልጅ ውጭ ለማስተማር ወይም ዕቃ ለማስመጣት የምታስቀምጡ ከሆነ ደግሞ በግድ ተመልከቱት።

የመነሻና የመድረሻ ዋጋ

አሜሪካ ያለ ሰው ይህን በደቂቃ ይጨርሳል። የታኅሣሥ 31 የሂሳብ መግለጫውን ከፍቶ ድምሩን ያያል። እኛ ጋ አብዛኛው አክሲዮን የዕለት ዋጋ የለውም። ስለዚህ ሁለት ጊዜ ማስላት ይሻላል።

አንደኛው በተጻፈው ዋጋ ነው። 1,000 ብር የተጻፈበትን 1,000 ብር ብላችሁ ትይዙታላችሁ። ይህ ጠንቃቃው ስሌት ነው። ሁለተኛው በእርግጥ በታየ ሽያጭ ዋጋ ነው። በዓመቱ ውስጥ የዚያው ባንክ አክሲዮን ከሰው ወደ ሰው በሕጋዊ መንገድ ሲዛወር ስንት ተከፈለበት? ወሬ አትቀበሉ። ገዢውን ወይም ሻጩን የምታውቁት፣ ዝውውሩም ባንኩ ጋ የተመዘገበ ይሁን። አክሲዮኑ ገበያው ላይ ከተመዘገበ ደግሞ በዓመቱ የመጨረሻ ቀን የነበረውን የመዝጊያ ዋጋ ውሰዱ። ሁለቱ ስሌቶች የሚሰጧችሁ ሁለት ቁጥር ነው። እውነቱ በመሃላቸው አካባቢ ይገኛል።

ስሌቱ በምሳሌ

ቀበሌ 14 ያሉ አንድ ጡረተኛ መምህር የባንኩን ደብዳቤ ይዘው መጥተው አብረን ያሰላነውን፣ ቁጥሩን ለማስላት እንዲመች አድርጌ ላሳያችሁ።

ሐምሌ 1 ቀን 2016 እያንዳንዱ 1,000 ብር የተጻፈበት 200 አክሲዮን ነበራቸው። ድምሩ 200,000 ብር። ጥር መጀመሪያ ላይ ከግብር በኋላ 36,000 ብር የትርፍ ድርሻ ገባላቸው። በዚያው ሳምንት ከሌላ ባለአክሲዮን 40 አክሲዮን እያንዳንዱን በ1,250 ብር ገዙ። 50,000 ብር ከፈሉ። ሰኔ 30 ላይ 240 አክሲዮን አላቸው።

«ልጄ፣ እኔማ 18 በመቶ አግኝቻለሁ» አሉኝ። 36,000ን ለ200,000 አካፍለው ነው።

«ጋሼ፣ አዲሶቹን ስንት ገዟቸው?»

«በ1,250።»

«ምስክር ወረቀቱ ላይስ ስንት ይላል?»

ዝም ብለው አሰቡና «አንድ ሺህ» አሉ። ከዚያ በኋላ እስክሪብቶውን ራሳቸው ያዙ።

እንዲህ ሄድን። 36,000 ገብቶ 50,000 ከወጣ፣ ከኪሳቸው የተጨመረው የተጣራ 14,000 ብር ነው። በተጻፈው ዋጋ መጨረሻ ላይ ያላቸው 240,000 ብር ነው። ከዚያ ላይ መነሻውን 200,000 እና የጨመሩትን 14,000 ስንቀንስ 26,000 ብር ይቀራል። የዓመቱ ትርፍ ይህ ነው።

ይህን ለስንት እናካፍል? ለ200,000 ብቻ ካካፈልነው የተጨመረው 14,000 ያለ ዋጋ ሠራ ማለት ነው። ለ214,000 ካካፈልነው ደግሞ ያ ገንዘብ ዓመቱን ሙሉ እንደሠራ ይቆጠራል። የገባው ግን ጥር ላይ ነው። የቀረው ጊዜ ስድስት ወር፣ የዓመቱ ግማሽ ነው። ስለዚህ የ14,000ን ግማሽ፣ 7,000 ብር እንደምራለን። 26,000 ሲካፈል ለ207,000፣ 12.6 በመቶ።

መስከረም ላይ የተጨመረ ገንዘብ ካላችሁ የቀረው አሥር ወር ነው፤ በ10 አባዝታችሁ ለ12 አካፍሉት። ሚያዝያ ላይ የገባውን በ3 አባዝታችሁ ለ12። ከአክሲዮኑ አውጥታችሁ የወሰዳችሁትን ብር በዚያው መንገድ ትቀንሳላችሁ። ለአንድ ቤተሰብ ሂሳብ በወር መቁጠሩ ይበቃል።

አሁን በታየው የሽያጭ ዋጋ። አንዱ 1,250 ብር ካወጣ፣ ዋጋው ዓመቱን ሙሉ ያው ነበር ብለን መነሻውን 250,000፣ መድረሻውን 300,000 እንያዝ። ትርፉ 36,000 ብር ይሆናል። ለ257,000 ሲካፈል 14 በመቶ ነው። እንግዲህ የመምህሩ ዓመት ከ12.6 እስከ 14 በመቶ ነው። ባንኩ ትርፉን ያሰላው በተጻፈው ዋጋ ላይ ነው፤ 18 የሚለው ቁጥርም እውነት ነው። የእሳቸው ገንዘብ ያገኘው ግን ይኼን ነው።

ኤክሴል ወይም ጎግል ሺትስ የምትጠቀሙ ኤክስ አይ አር አር (XIRR) የሚባለውን ቀመር ፈልጉ። በአንዱ ዓምድ ቀን፣ በሌላው ገንዘብ ትጽፋላችሁ። መነሻውና የጨመራችሁት በመቀነስ ምልክት፣ የተቀበላችሁትና የመጨረሻው ዋጋ በመደመር ይገባሉ። ፕሮግራሙ የእኛን አቆጣጠር ስለማያውቅ ቀኑን ወደ ፈረንጅ ለውጡት። ሐምሌ 1 ቀን 2016 እዚያ ጁላይ 8 ቀን 2024 ነው። የመምህሩን ቁጥር ብታስገቡ ያው 12.6 አካባቢ ይወጣል።

ጥላ ሂሳብ

በመቶኛ ከማስተያየት የተሻለ መንገድ አለ። የእናንተን ገንዘብ በእናንተው ቀን መለኪያው ውስጥ አስገቡትና መጨረሻ ላይ ስንት ብር እንደሚሆን ተመልከቱ። እኔ ጥላ ሂሳብ እለዋለሁ።

የመምህሩን በቁጠባ እንየው። 200,000 በ7 በመቶ 214,000 ይሆናል። ጥር ላይ የጨመሩት 14,000 በግማሽ ዓመት 14,490። ድምር 228,490 ብር። እሳቸው በተጻፈው ዋጋ 240,000 አላቸው። ቁጠባውን በ11,510 ብር በልጠዋል።

በግሽበትስ? ለስሌት እንዲመች 14 በመቶ እንያዝ። 200,000 ብር የነበረው አቅሙን ለመጠበቅ 228,000 መሆን አለበት። 14,000ው ደግሞ 14,980። ድምር 242,980። እሳቸው 240,000 ላይ ናቸው፤ ወደ 3,000 ብር ጎድሎባቸዋል። በታየው የሽያጭ ዋጋ ስናሰላው ደግሞ ከግሽበቱ ጋር እኩል ወጡ። ስለዚህ የዚያ ዓመት ትክክለኛ ንባብ «ቁጠባን በልጫለሁ፣ የመግዛት አቅሜን ግን ቢበዛ ጠብቄያለሁ» የሚል ነው። 18 በመቶ አገኘሁ ብሎ ከማሰብ ይህ ምን ያህል እንደሚርቅ አስተውሉ።

አሜሪካ ላለ ዘመዳችሁ

ለጥምቀት ወይም ለፋሲካ የሚመጣ ወንድም ወይም የአክስት ልጅ የማይኖረው ቤት ጥቂት ነው። ብዙዎቹ ስልካቸው ላይ የአሜሪካ አክሲዮን አላቸው። ከአገር ውስጥ ዶላር አውጥቶ ያንን መግዛት በውጭ ምንዛሬ ደንቡ የተገደበ ስለሆነ ይህ ክፍል በዋናነት ለእነሱ ነው።

እዚያ የተለመደው መለኪያ ኤስ ኤንድ ፒ 500 ነው። 500 የሚያህሉ ትልልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎችን በገበያ ዋጋቸው ልክ እየመዘነ ይሰላል። በዚህ መልኩ የሚሰላው እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ ነው። ዜና ላይ የሚሰማው ዳው ጆንስ 30 ኩባንያዎች ብቻ ነው ያሉት። ክብደቱም የሚወሰነው በአንዱ አክሲዮን ዋጋ ነው። የአንዱ አክሲዮን ዋጋ ውድ የሆነ ኩባንያ ከሱ በብዙ እጥፍ ከሚተልቅ ኩባንያ በላይ ሊከብድበት ይችላል። ለግል ሂሳብ መለኪያ አልመርጠውም። ቴክኖሎጂ ብቻ የያዘ ሰው ከናስዳክ 100 ጋር፣ በብዙ አገር የተበተነ ሰው የበለጸጉ አገራትን አክሲዮኖች ከሚለካው ከኤምኤስሲአይ ወርልድ ጋር ቢያስተያይ ይቀርባል።

ኢንዴክሱ ሁለት ቁጥር አለው። አንዱ ዋጋ ብቻ ነው፤ ሌላው የትርፍ ድርሻው ተመልሶ ገብቶ የሚሰላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ኤስ ኤንድ ፒ 500 ከ4,769.83 ተነስቶ 5,881.63 ላይ ዘጋ። ይህ 23.3 በመቶ ነው። የትርፍ ድርሻው ሲጨመር 25 በመቶ ይሆናል። የእናንተ ሂሳብ ውስጥ የትርፍ ድርሻ ስለሚገባ መስተያየት ያለበት ከ25ቱ ጋር ነው።

አንድ ዘመድ እንውሰድ። በ2024 መጀመሪያ 10,000 ዶላር ነበረው። ጁላይ 1 ላይ 6,000 ጨመረ። ዓመቱ ሲያልቅ 18,400 ሆነ። ስልኩ ላይ የሚያየው ከ10,000 ወደ 18,400 ያደገ መስመር ነው፤ ልቡ ይሞቃል። ትርፉ ግን 2,400 ዶላር ነው። በአማካይ የሠራለት ገንዘብ 13,000 ስለሆነ 18.5 በመቶ ነው።

18.5ን ከ25 ጋር አስተያይቶ «በ6.5 ተበለጥኩ» ቢል ራሱን ይበድላል። 6,000ው የገባው ገበያው የዓመቱን ትልቁን ጭማሪ ከጨረሰ በኋላ ነው። ኢንዴክሱ በመጀመሪያው ግማሽ ዓመት የትርፍ ድርሻውን ጨምሮ 15.3 በመቶ፣ በሁለተኛው ግማሽ ደግሞ 8.4 በመቶ ነው ያደገው። በጥላ ሂሳብ 10,000ው 12,500 ይሆናል። 6,000ው ደግሞ ወደ 6,505። ድምር 19,005። እሱ ያለው 18,400 ነው። ልዩነቱ 600 ዶላር አካባቢ ነው። አክሲዮን ለመምረጥ ያጠፋው ሌሊት ሁሉ ያስከፈለው ይህን ነው። አነስተኛ ክፍያ ያለው፣ ኢንዴክሱ ውስጥ ያሉትን አክሲዮኖች ሁሉ የሚይዝ የኢንዴክስ ፈንድ ገዝቶ ቢተኛ 600 ዶላር በኪሱ ነበረች።

አንድ ዓመት አይበቃም

የዓመቱን ውጤት አትናቁት። ከዚያ ተነስታችሁም አትፍረዱ። ኤስ ኤንድ ፒ 500 የትርፍ ድርሻውን ጨምሮ በ2022 በ18.1 በመቶ ወርዶ፣ በ2023 በ26.3፣ በ2024 በ25 በመቶ ወጣ። ሦስቱን ደምራችሁ ለሦስት ብታካፍሉ 11 በመቶ ግድም ይመጣል። ስህተት ነው። 100 ዶላር መጀመሪያ 81.90 ሆነ፣ ከዚያ 103.40፣ ከዚያ 129.30። ይህ በየዓመቱ 8.9 በመቶ ነው። የወረደውን ዓመት ለማካካስ ሁልጊዜ ከወረደው በላይ መውጣት ያስፈልጋል። የራሳችሁንም የብዙ ዓመት ውጤት እንዲህ እያባዛችሁ አስሉ።

ዓመት ያልሞላውን ደግሞ አታባዙ። በአራት ወር 6 በመቶ ያገኘ አክሲዮን «በዓመት 18» አይባልም። የአራት ወር 6 በመቶ ብላችሁ ጻፉትና ቀኑ እስኪሞላ ጠብቁ።

ቁጥሩ ከወጣ በኋላ

በተከታታይ ለሦስት ዓመት ከመረጣችሁት መለኪያ በታች የሆነ አክሲዮን ካለ ሁለት ነገር መርምሩ። የመጀመሪያው የኩባንያው ዓመታዊ ሪፖርት ነው። የተጣራ ትርፉ እያደገ የአንድ አክሲዮን ገቢው (የተጣራ ትርፉ ለአክሲዮኖቹ ብዛት ሲካፈል የሚወጣው) ግን እየቀነሰ ከሆነ፣ አዲስ አክሲዮን እየተሸጠ የእናንተ ድርሻ እየሳሳ ነው። ብሔራዊ ባንክ ባንኮች የተከፈለ ካፒታላቸውን 5 ቢሊዮን ብር እንዲያደርሱ እስከ ሰኔ 2018 ጊዜ ስለሰጠ ብዙዎቹ ካፒታል ሲያሳድጉ ቆይተዋል። ይህ በራሱ ክፉ አይደለም። አዲሱ ካፒታል ሥራ ላይ እስኪውል ግን የነባሩ ባለአክሲዮን ድርሻ ይሳሳል። ሪፖርቱ ላይ የአንድ አክሲዮን ገቢን የሦስት ዓመት ጎን ለጎን ጽፋችሁ እዩት።

ሁለተኛው እናንተ ራሳችሁ የገዛችሁበት ሁኔታ ነው። ባንኩ ደህና ሆኖ የእናንተ ቁጥር ያነሰው በፕሪሚየም ስለገዛችሁ ወይም ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ስለገባችሁ ከሆነ ችግሩ ኩባንያው ላይ አይደለም። ሌላ ዓመት ጠብቁ።

እኛ ጋ አክሲዮን ዛሬ ወስኖ ነገ የሚሸጥ ዕቃ አይደለም። ገዢ መፈለግ አለ፣ ዝውውሩን ማስመዝገብ አለ። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ የግምገማው ፍሬ የሚታየው ቀጣዩ ብር የት ይግባ በሚለው ላይ ነው። የዘንድሮው የትርፍ ድርሻ ተመልሶ እዚያው ባንክ ይግባ? ወደ ሌላ ዘርፍ ይሂድ? ወደ ግምጃ ቤት ሰነድ? ቅርንጫፉ «የትርፍ ድርሻዎን ወደ አክሲዮን እንለውጥልዎ?» የሚል ቅጽ ሲሰጣችሁ ቆማችሁ ከመፈረማችሁ በፊት ይህ መልስ በእጃችሁ ይኑር።

በመጨረሻ ሁሉንም በአንድ ገጽ ጻፉ። የመነሻ ዋጋ፣ የተጨመረና የወጣ ገንዘብ ከነቀኑ፣ የመድረሻ ዋጋ በሁለቱም ስሌት፣ የእናንተ ውጤት፣ የጥላ ሂሳቡ ድምር፣ የወሰናችሁት ውሳኔና ምክንያቱ። ከታች የሚቀጥለውን ዓመት መለኪያ ስሙን ጠርታችሁ ጻፉና ቀን አድርጉበት። ባለቤታችሁ ወይም ከልጆቻችሁ አንዱ ገጹ የት እንደተቀመጠ ይወቅ፤ የምስክር ወረቀቶቹም ከእሱ ጋር በአንድ ፋይል ይቀመጡ።